የቴራሱ ባልጩት

ፈሪ ነኝ። ይህን አስቀድሜ ብናገር ይሻላል፤ በኋላ «ለምን ዝም አልሽ?» የሚለኝ ሰው መልሱን ከወዲሁ ይያዘው። ልጅ ሆኜ ጅብ እፈራ ነበር። ጅቡቲ ስገባ ወረቀት የሌለውን እየለቀሙ በመኪና የሚጭኑትን ፖሊሶች ፈራሁ፤ ሙቀቱን ፈራሁ፤ ባሕሩንም ፈራሁ፣ ዝም ብሎ በተኛበት። ከሁሉ የባሰብኝ ግን አንድ ቃል ነው። ያን ቃል ደግሜ እንዳልሰማ ብዬ አገሬን ጥዬ የወጣሁ ይመስለኛል። ቃሉ «ፋቂ» ነው።

እናቴ ቆዳ ትፍቃለች። በእኛ አገር፣ በደቡብ ደጋ፣ ይህ ሥራ ከወላጅ ለልጅ የሚወረስ ነው፤ አብሮት የሚወረሰው ንቀት ባይኖር ምን ነበረበት? ሰዉ እናቴ ያለፋችው ቆዳ ላይ ይተኛል፣ ልጁን ያስተኛበታል። እሷን ግን ከደጃፉ አያሳልፋትም። ውሃ ብትለምን ከላይ እጇ ላይ ያፈሱላታል እንጂ ዋንጫ አያስነኳትም። እኔ ትምህርት ቤት ሳለሁ ከጎኔ የሚቀመጥ ልጅ አልነበረም፤ ዴስኩ ሙሉ የእኔ ብቻ ነበር። እንደ ሀብታም ልጅ ተንደላቅቄ ነው የተማርኩት።

እናቴ የምትፍቅበት ስለት ብረት አይደለም፣ ባልጩት ነው፤ እንደ ጠርሙስ የሚያብረቀርቅ ጥቁር ድንጋይ። ራሷ ትጠርበዋለች፣ ሲደንዝም ራሷ ትስለዋለች። በዚያ ሰዓት ሌላ ሰው ትሆናለች። መጀመሪያ እኛን ልጆቹን ከግቢ ታባርራለች፤ ካልሄድን በያዘችው ድንጋይ ትዝትብናለች። ብናኙ ወደ አፍንጫዋ እንዳይመለስ ጀርባዋን ለነፋሱ ትሰጣለች። ጭኗ ላይ ወፍራም አሮጌ ቆዳ ትደርባለች፣ የግራ እጇን ጣቶች በቁራጭ ቆዳ ትጠቀልላለች፣ እግሯ ሥር ገበቴ ታስቀምጣለች። ከመምታቷ በፊት የድንጋዩን ጠርዝ በሻካራ ድንጋይ ፈተግ ፈተግ ታደርገዋለች። «ቀጭን ጠርዝ ቂመኛ ነው፤ ሳትፈትጊው ከመታሽው ተበታትኖ ይበቀልሻል» ትላለች። ስትመታም ፊቷን መለስ፣ ዓይኗን ጨፈን አድርጋ ነው። ገበቴው ውስጥ የወደቀውን ፍንጣሪ አንድ ሳታስቀር ወስዳ የሰው እግር በማይደርስበት ቁልቋል ሥር ትደፋዋለች።

ይህን ያህል የምትጠነቀቀው በአክስቴ ምክንያት ነው። አክስቴም ያንኑ ሥራ ትሠራ ነበር፤ አንድ ቀን ፍንጣሪ ዓይኗ ገባ። «ዓይኗን ያጠፋው ፍንጣሪው አይደለም» ትላለች እናቴ፣ «እጇ ነው። አሸችው። ስኒ ደፍተንበት ብትተወው ኖሮ ይወጣ ነበር።» የጠፋው ዓይኗ ነጭ ሆኖ ቀረ፤ ስትተኛም በደንብ አይከደንም። በልጅነቴ ከእሷ ጎን አስተኙኝ ማለት እስከ ጠዋት ተፋጥጠን አደርን ማለት ነው።

የድሮው ባቡር ገና ይሠራ በነበረበት ጊዜ፣ ከድሬዳዋ ተሳፍሬ ጅቡቲ ስደርስ ሃያ ዓመቴ ነበር። ሥራ ያገኙልኝ እትዬ የምላቸው ያገሬ ሴት ናቸው። ሄሮን ሰፈር አንድ ፈረንሳያዊ መምህርና ሚስቱ ዘንድ ምግብ አብሳይ ነበሩ፤ የባልና ሚስቱን የሦስት ዓመት ሴት ልጅ የሚይዝና ቤት የሚያጸዳ ሰው ሲፈለግ እኔን አስገቡኝ። እኔ እዚያው አድራለሁ፤ እሳቸው ማታ ካርቲየ 7 ቢስ በሚባለው ሰፈር ወደተከራዩት ክፍል ይሄዳሉ። ዓርብ ዕረፍታችን ስለሆነ የአገር ልጆች፣ ሁላችንም የሰው ቤት ሠራተኞች፣ እዚያች ክፍል እንሰበሰባለን። ሳምንቱን ሙሉ በፈረንጅ ሳህን ለየብቻችን ስንበላ ከርመን፣ ዓርብ በአንድ ትሪ ዙሪያ ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተን እንበላለን። እትዬ ያጎርሱኛል። ከእናቴ ሌላ በእጁ ያጎረሰኝ ሰው እሳቸው የመጀመሪያዬ ናቸው። መጀመሪያ ቀን እንባዬ መጣ፤ ሚጥሚጣው ነው አልኳቸው። እናትሽ ምን ትሠራለች ሲሉኝም «ሽንኩርት ትነግዳለች» አልኩ።

እትዬ ያደጉበት ከተማ ከእኛ መንደር የግማሽ ቀን መንገድ ነው። አንድ ዓርብ ጨዋታ አመጡ፤ እዚያ አንዲት ፋቂ ዘሯን ደብቃ ሠርግ ቤት ገብታ፣ ከሰው ጋር ከበላች በኋላ ስትታወቅ፣ የሠርጉ ባለቤት ድስቱንም ትሪውንም ብርጭቆውንም ከግቢ አውጥቶ እንዴት እንደሰባበረው ተረኩ። ሴቶቹ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ እንዲያውም ከሁሉ አስበልጬ።  ከዚያ ቀን ጀምሮ ነገሩን ሆድ ይፍጀው አልኩ። እነዚህ ሴቶች ካወቁብኝ እዚህም ዴስኩ ሙሉ የእኔ ብቻ ሊሆን ነው ብዬ ፈራሁ።

ሙስዬ፣ ባልየውን እንዲህ ነው የምንጠራው፣ ድንጋይ የሚወድ ሰው ነበር። ትምህርት በሌለ ቀን በመኪናው ከከተማው ውጭ ወዳለው የጨው ሐይቅ በኩል ወጥቶ ድንጋይ በጆንያ ይዞ ይመለሳል። ምን ድንጋይ እንደሆነ አላየሁም፤ ግድም አልነበረኝ። አንድ ቀን፣ አገሩ ሁሉ ጫቱን ይዞ ጥላ ውስጥ በገባበት ሰዓት፣ የልጅቷን ልብስ እየተኮስኩ ከቤቱ ኋላ ካለው በረንዳ፣ ቴራሱ ከሚሉት፣ አንድ ድምፅ ሰማሁ። ቋ። ትንሽ ዝምታ። ደግሞ ቋ፣ ተከትሎም ወለል ላይ የሚረግፍ የስባሪ ኮሽታ። ክው አልኩ። ሳላይ በፊት ምን እንደሆነ ዐውቄዋለሁ። እናቴ ሄሮን ድረስ መጥታ ጉዴን የምታወጣው መሰለኝ፤ ካውያውን የልጅቷ ቀሚስ ላይ ረስቼው ጨርቁ ሲሸት ነው የነቃሁት።

ሄጄ አየሁ። ሙስዬ በቁምጣና በባዶ እግሩ ፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ጭኑ ላይ ምንም አልደረበም፤ ዓይኑ ላይ ምንም የለም። አጠገቡ መጽሐፍ ዘርግቶ፣ ሥዕሉን እያየ በድቡልቡል ድንጋይ ባልጩቱን ይቀጠቅጣል። የጥንት ሰዎች እንደሠሩት ያለ የጦር ጫፍ መሥራት አምሮታል። ፍንጣሪው ነጩ ሴራሚክ ላይ እስከ በሩ ድረስ ተበትኗል። ልጅቷ በባዶ እግሯ የምትወጣውና የምትገባው በዚያ በር ነው።

አንዱን ስባሪ ወደ ብርሃን ከፍ አድርጎ «ቤል፣ ኖን?» አለኝ፤ ያምራል አይደል ማለቱ ነው። አውራ ጣቱ ይደማል፣ እሱ አላወቀም። የባልጩት ስለት እንዲህ ነው፤ ደሙ ካልታየ መቆረጡ አይሰማም።

መናገር ነበረብኝ። ቆዳ ደርብ፣ መነጽር አድርግ፣ ጠርዙን ፈትገው፣ ልጅህን አርቅ ማለት ስንት ቃል ነው? በእኔ የማዕድ ቤት ፈረንሳይኛና በእጅ ምልክት እንኳ ይገባው ነበር። ግን «እንዴት ዐወቅሽ?» ይለኛል። አይቆጣም፣ ይደሰታል እንጂ፤ እኔን የሚያስፈራኝም ደስታው ነው። ሮጦ ለሚስቱ ለማዳም ይነግራል፣ ማዳም ለእትዬ ትነግራለች። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው። ውሃና ጨርቅ አመጣሁ።

ከዚያ ወዲያ ሰላም አላገኘሁም። በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን ያ ድምፅ ይመጣል፤ ባልመጣ ቀን ደግሞ መቼ ይመጣል ብዬ ስሰጋ እውላለሁ። አፌን ዘግቼ በእጄ መከላከል ጀመርኩ። ሙስዬ ሳይቀመጥ በፊት ወንበሩ ሥር አሮጌ አንሶላ አርጥቤ አነጥፋለሁ። የልብስ ማጠቢያውን ሳፋ እግሮቹ መሀል አስቀምጣለሁ። የፀሐይ መነጽሩን ወንበሩ ላይ እተውለታለሁ። እሱ መነጽሩን አንስቶ ጠረጴዛ ላይ ያደርጋል፤ ሳፋውን በእግሩ ገፋ ያደርግና «ሜርሲ፣ ሜርሲ» ይለኛል፣ የጽዳት አባዜ ያለብኝ መስሎት። ለማዳምም ይህች ልጅ እንዴት ንጹሕ ናት ብሎ አመሰገነኝ።

ሲጨርስ ወለሉን በደረቁ አልጠርግም፤ ብናኙ ሳንባ ይገባል። ውሃ አርከፍክፌ፣ ተንበርክኬ፣ በእርጥብ ጨርቅ እለቅማለሁ። በመጨረሻ ጉንጬን ወለሉ ላይ አስደግፌ በብርሃኑ አንጻር አያለሁ፤ የቀረ ፍንጣሪ ካለ ያብለጨልጫል። የለቀምኩትን ቆሻሻ የሚበረብር ሰው እንዳይቆረጥበት ወተት ጣሳ ውስጥ ከትቼ አፉን አሽጌ እጥላለሁ። አንድ ቀን እንዲያ ወለል ላይ ተደፍቼ እትዬ ደረሱብኝ።

«ምን ጠፋብሽ?»

«ጉትቻዬ።»

«አንቺ ልጅ፣ ጉትቻ አድርገሽ አይቼሽም አላውቅ።»

«ጠፍቶብኝ ነዋ እትዬ!»

ስቀው ወደ ድስታቸው ተመለሱ። 

ይበልጥ ያስጨነቀችኝ ልጅቷ ናት። ሚጡ ነበር የምላት። ከእኔ ጋር አማርኛ ታወራለች፤ እንዲያውም ስትቆጣ በአማርኛ ነው። የአባቷን ድምፅ በሰማች ቁጥር ወደ ቴራሱ መሮጥ ትወዳለች፤ እሱም ደስ ብሎት ስባሪውን ያሳያታል። በሩን ብዘጋው በርጩማ ስባ ትከፍተዋለች። አቅፌያት መንገድ ብወጣ በዚያ ሙቀት ስንት ደቂቃ ይቆማል? አንድ ቀን ጭንቅ ሲለኝ ያገሬ ሰው ሁሉ የሚያደርገውን አደረግኩ። «ቴራሱ ላይ ጅብ አለ» አልኳት። «ቋ ቋ የሚለው አጥንት ሲቆረጥም ነው። ከወጣሽ ይበላሻል።» እኛ ያደግነው በዚህ ነው፤ ጉድጓዱንም ወንዙንም ጨለማውንም በጅብ አጥረው ነው ያሳደጉን።

ሠራ። ሚጡ ድምፁ ሲጀምር መጥታ ቀሚሴ ውስጥ ትደበቅ ጀመር። ልቧ እንደ ጫጩት ልብ ሲመታ በእግሬ ይሰማኛል፤ አንጀቴን ይበላኛል፣ ግን ከዓይኗ ይሻላል እላለሁ። ያላሰብኩት ነገር ቢኖር፣ እኔ ያደግኩት ጅብ በእውነት በሚጮኽበት አገር መሆኑን ነው። እሷ አውሬ የምታውቀው በሥዕል መጽሐፍ ነበር። በሥዕል መጽሐፍ ደግሞ አውሬ ሁሉ ካባበሉት ጓደኛ ይሆናል።

ቀኑ ማክሰኞ ነበር። ነፋሱ አሸዋ ይዞ ይነፍሳል፣ መብራት ጠፍቶ ፋኑ ቆሟል። ማዳም መኝታ ቤት ጋደም ብላለች፤ እትዬ ማዕድ ቤት ዓሣ ያጸዳሉ። ሚጡ ተኝታለች ብዬ ልብስ ላሰጣ ከቴራሱ ጎን ወጣሁ። ሙስዬ ሥራው እንቢ ብሎት ተናዷል። ጠርዙን ሳይፈትግ ይመታል፤ ሲያቅተው ኃይል ይጨምራል። እኔ ጥርሴን ነክሼ አንሶላ እሰቅላለሁ። ፈትገው፣ ፈትገው እላለሁ በሆዴ። ዞር ስል ሚጡ በሩ ላይ ቆማለች። እጇ ላይ ቁራሽ ዳቦ ይዛለች።

«ለጅቦ» አለችኝ፣ ቀስ ብላ።

አፌን ከፈትኩ። ድምፅ አልወጣም። ያ ቋ የሚለው ወጣ።

መጀመሪያ አላለቀሰችም። ቁጭ አለች። ከዚያ ጮኸችና እጇን ወደ ፊቷ ሰደደች።

ከዚያ በኋላ ያለውን ያደረግሁት እኔ አይደለሁም፣ እናቴ ናት። ፍንጣሪውን በነጠላ ጫማ እየረገጥኩ ሮጬ፣ እጇ ዓይኗ ጋ ሳይደርስ ሁለቱንም አንጓዎቿን ያዝኩ። አፈፍ አድርጌ ወደ ውስጥ አስገባኋትና ምንጣፉ ላይ በጀርባዋ አስተኝቼ፣ እጆቿን ግራና ቀኝ ጫንኩ። ከዓይኗ ቆብ ደም ይወርዳል። የሚታየኝ ነጭ ሆኖ የቀረው የአክስቴ ዓይን ነው። ማዳም ከመኝታ ቤት ብቅ ስትል ያየችው፣ እኔ ልጇን መሬት ላይ አስተኝቼ እጆቿን ጨምድጄ፣ ፊቷ ደም በደም ሆኖ ነው። መጥታ ጀርባዬን ደበደበችው፣ ፀጉሬን ጎተተችው። አልለቀቅሁም። ሙስዬ ፎጣ ይዞ ሊጠርጋት ሲጎነበስ «አትንካት!» ብዬ በአማርኛ ጮኽኩበት።

«እትዬ! የሚጡን የእንቁላል መብሊያ ስኒ፣ ንጹሑን፣ ቶሎ!»

እትዬ ምን ሊያደርግልሽ ነው ሳይሉ አመጡልኝ። ዓይኗን ሳልነካ፣ የስኒውን አፍ በዓይኗ ዙሪያ ባለው አጥንት ላይ ደፍቼ በራሴ ሻሽ አሰርኩት። እጆቿን ግን ለማንም አልሰጠሁም። መኪና ውስጥም እንደያዝኳት ነበር። መንገዱን ሁሉ «ጅቡ ነከሰኝ፣ ጅቡ ነከሰኝ» ስትል፣ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እመርጥ ነበር።

ሐኪም ቤት ሙስዬ ይዟት ገባ፤ እኛ ሦስት ሴቶች ኮሪደሩ ላይ ቀረን። ማዳም እንባዋን እየጠረገች እትዬን አንድ ነገር ጠየቀች። እትዬ ወደ እኔ ዞሩ።

«ጅብ የምትለው ምንድን ነው ትላለች። አንቺ ነሽ የነገርሻት?»

«እኔ ነኝ። እንዳትወጣ ብዬ።»

«ብትወጣ ምን አለ?»

«ፍንጣሪው ዓይን ያጠፋል፣ እትዬ።»

«እሱንስ እሺ። እንዳይታሽ፣ ስኒ እንደሚደፋበት ማን አስተማረሽ? ሐኪም ነሽ?»

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባላል።  ውሸት ፈለግኩ፤ ሽንኩርት ብቻ መጣልኝ።

«እናቴ ሽንኩርት አትነግድም» አልኳቸው። «ቆዳ ነው የምትፍቀው። በዚሁ ድንጋይ።»

እትዬ ቀኝ እጃቸውን በነጠላቸው ጠረጉ፣ ቀስ ብለው፣ ጣት በጣት። የሚያደርጉትን ያወቁም አይመስለኝም። እኔ ግን አየሁ፤ ያ ያጎረሰኝ እጅ ነው። ከዚያ ወደ ማዳም ዞረው በፈረንሳይኛ «እናቷ ነርስ ናት» አሉ።

ያን ያህል እሰማለሁ። ለእኔ አዝነው ይሁን፣ በእኔ አፍረው ይሁን፣ እስከ ዛሬ አላውቅም። ዝም ብል ይበቃ ነበር፤ የነርስ ልጅ ሆኜ እኖራለሁ። ግን ከበሩ ወዲያ ሚጡ ጮኸች፣ አሁንም በአማርኛ፣ እኔን እየጠራች። «ኖን» አልኩ። «ማማን፣ ላ ፒየር።» እናቴ፣ ድንጋይ ለማለት ነው። ቃሉ ሲያልቅብኝ እንደ እናቴ ቁጢጥ ብዬ አሳየኋት፤ አመታቷን፣ አፋፋቋን፣ ፊቷን ዘወር ማድረጓን። አስታማሚው ሁሉ ቆሞ ያየኛል። ማዳም ምንም ነውር አልታያትም። እጄን ይዛ «ሜርሲ» አለችኝ።

ሐኪሙ ወጣ። ፍንጣሪው የዓይኗን ቆብ ቆርጦ ነጩን ጭሯል፤ ወደ ውስጥ አልገባም። ብታሸው ኖሮ ሌላ ነገር እናወራ ነበር አለ። ሆኖም በእርግጥ ታያለች ለማለት ፋሻው እስኪፈታ አንድ ሳምንት መጠበቅ ነበረብን። ማዳም አቅፋኝ አለቀሰች። ማን እንደሆንኩ ሰምቶ ያቀፈኝ የመጀመሪያ ሰው እሷ ናት። ፍርሃቴ ግን አልለቀቀኝም፤ ዓይን ከአንድ ሳምንት በኋላም ነጭ እንደሚሆን ከማንም በላይ ዐውቃለሁ።

ዓርብ ሲደርስ ላለመሄድ አሰብኩ። ብቀር ግን ወሬው ያለ እኔ ይወራል ብዬ ሄድኩ። እትዬ በራቸው ላይ አገኙኝና «ለማንም አልተናገርኩም» አሉኝ በሹክሹክታ። ትሪው ቀረበ። ሴቶቹ ከበቡ። «እኔን ቁርጠት ይዞኛል፣ እናንተ ብሉ» አሉና እትዬ ሻይ ይዘው በሩ ጋ ተቀመጡ። ሌሎቹ ምንም አላወቁም፤ እንደ ወትሮው ትከሻ ለትከሻ ተጋፍተን በላን።  ትሪውን ላጥብ ስነሳ እትዬ «ተይው፣ እኔ አጥበዋለሁ» አሉኝ፣ ሳያዩኝ።

ፋሻው በሳምንቱ ተፈታ። ሚጡ ታያለች። ሐኪሙ መብራት ሲያዞርባት በዓይኗ ተከተለችው፤ ሙስዬ እዚያው አለቀሰ። እኔም ከዚያ ማክሰኞ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ እንደ ሰው ተነፈስኩ። ሙስዬ ድንጋዩን ጆንያ ውስጥ መልሶ አፉን አሰረ። ወፍራም ቆዳና የሠራተኛ መነጽር እገዛለሁ፣ ልጅቷ በሌለችበት ትክክለኛውን አሠራር ታሳዪኛለሽ አለኝ። ሳቅሁና እሺ አልኩ። እንዲያ ሳይደበቁ እሺ ማለት ደስ ይላል።

ማዳም ግን በሳምንቱ ውስጥ ሌላ ነገር ስታስብ ከርማለች። በማግስቱ ማዕድ ቤት ሚጡን ጭኔ ላይ አስቀምጬ መጽሐፏን እያየን ነበር፤ እትዬ ጀርባቸውን ሰጥተውን ዕቃ ያጥባሉ። ማዳም መጥታ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች። እንዲገባኝ ብላ ቃሉን አንድ በአንድ እየለየች ጠየቀችኝ።

«ሳፋውን እዚያ የምታስቀምጪው አንቺ ነበርሽ?»

«አዎ።»

«እርጥቡን አንሶላ? መነጽሩን?»

«አዎ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

አልገባኝም ማለት እችል ነበር። ሚጡ በሁለቱም ዓይኗ ቀና ብላ ታየኛለች። «ከመጀመሪያው ቀን» አልኳት።

«ታዲያ ለምን አልነገርሽንም?»

ስለ ዋንጫው፣ ስለ ዴስኩ፣ ስለ ትሪው ማስረዳት ነበረብኝ። ለዚያ የሚሆን ፈረንሳይኛ አልነበረኝም፤ አማርኛውም ቢሆን እሷ ጆሮ ሲገባ ምን እንደሚመስል አሰብኩት። ወደ እትዬ አየሁ። ውሃው ይፈስሳል፣ እሳቸው አልዞሩም።

«ፈራሁ» አልኩ።

ማዳም አልጮኸችም። ተነሳች፣ ጠረጴዛውን ዞራ መጣች፣ ልጅቷን በብብቷ ይዛ ከጭኔ ላይ አነሳቻት።